ኦይታ ያልመለሰው ሰላምታ

መምህር ሸዋንዳኝን «ከአርባ ምንጭ ያስለቀቀህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ያፍራል። ነገሩ ሲነገር ያስቃል። ጎረቤቱ ኦይታ አንድ የጥቅምት ጠዋት ሰላምታውን ሳይመልስለት አለፈ። ከዚህ የበለጠ የሆነ ነገር የለም። ድንበር አልተገፋ፣ ስድብ አልተወረወረ፣ ሚስት አልተነካች። በዚህ ምክንያት ሰው አገር ይለቃል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ሆድ ካገር ይሰፋል ያሉት አባቶች ግን ሰፊ ሆድ ውስጥ ስንት ነገር ተደብቆ ሊያድግ እንደሚችል አሳምረው ያውቁ ነበር።

ሸዋንዳኝ የተጉለት ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ሲመደብ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ መጣ፤ እንደመጣ ቀረ። ሙቀቱን ለመደው፣ ሙዙን ወደደው፣ ሚስቱን ሮማነወርቅን አመጣ፣ ሴቻ ሰፈር ትንሽ ቤት ሠራ። ከቤቱ ጀርባ አጥር ተሻግሮ ቅርንጫፉን ወደ ሁለት ግቢ የዘረጋ የማንጎ ዛፍ አለ። ግንዱ የኦይታ ነው፤ ጥላው የሁለቱም። ኦይታ የጋሞ ተወላጅ፣ የካምባ ሰው ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ከድምፁ የባሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሰዎች ማንጎው ሥር በርጩማ አውጥተው ዳማ ይጫወታሉ። ሸዋንዳኝ ያሸንፋል፣ ኦይታ ይከራከራል፣ የኦይታ ሚስት ወለቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «እናንተ ሰዎች ልጆቹን ልትቀሰቅሱ ነው!» ትላለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእነሱ የተባለ ይመስል ነበር።

የዚያን ጠዋት ሸዋንዳኝ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ኦይታ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ አየው። «እንዴት አደርክ ኦይታ!» አለው እንደ ወትሮው። ኦይታ ቀና ብሎ አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ምንም ሳይል አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሸዋንዳኝ እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ ያየው ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብሎ ካረጋገጠ በኋላ አወረደው።

«አልሰማኝ ይሆናል» አለ ለራሱ። ጥቂት እንደሄደ «አይቶኛል እኮ» አለ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ያለፈውን ቅዳሜ እያገላበጠ ነበር። ዳማ ሲጫወቱ «አንተ ሕጉን ሳታውቅ ነው የምትከራከረው» ብሎት ነበር። ኦይታ ያን ጊዜ ስቋል። ግን ከልቡ ነበር የሳቀው? ወይስ ስድቡን ዋጥ አድርጎ? በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይህን አሰበ፣ በሁለተኛውም ይህንኑ አሰበ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ያ የቅዳሜ ሳቅ ጭንቅላቱ ውስጥ ሳቅ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሮማነወርቅ ከወለቴ ቤት እየሳቀች መጣች።

«ጉድህን ስማ! ኦይታን የዚያን ዕለት ያገኘኸው ለካ ጥርሱን ተነቅሎ ሲመጣ ነው። አፉን ጥጥ ሞልተውት ነበር አለች ወለቴ። ‹ጋሼ ተቀይሞኝ ይሆን?› እያለ ሲጨነቅ ነው የሰነበተው።»

«አፉን ነው ጥጥ የሞሉት» አለ ሸዋንዳኝ። «እጁስ?»

«የምን እጅ?»

«እጁን ማንሳት አይችልም ነበር? ራሱን መነቅነቅስ?»

የሮማነወርቅ ሳቅ ቀስ ብሎ ከፊቷ ጠፋ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሙግት እንጂ መልስ የማይፈልግ ድምፅ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤታቸው ውስጥ ወራት ሙሉ ሰምታዋለች።

የክፉ ሐሳብ ነገር እንዲህ ነው። ምክንያት ብትሰጡት ምክንያቱን በልቶ ይወፍራል። ሌላ ሰው ቢሆን የጥርሱን ወሬ ሲሰማ ነገሩ እዚያው ላይ ይሞት ነበር። ለሸዋንዳኝ ግን አዲስ ጥያቄ ወለደለት። «ተቀይሞኝ ይሆን?» ያለው ለምንድን ነው? የሚያስቀይም ነገር መሥራቱን ካላወቀ እንዲህ ያለ ቃል ከየት መጣ?

የኦይታ ጉንጭ ሲሻለው ቅዳሜ በአጥሩ በኩል ተጣራ። «ጋሼ! ዛሬ አልምርህም፣ ና ዳማ!»

«የማርመው ፈተና አለ» አለ ሸዋንዳኝ ከውስጥ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ፈተና አለ አለ። በሌላው ኦይታ አልተጣራም። ልብ አድርጉ፤ ዳማውን ያቆመው ሸዋንዳኝ ነው። እሱ ግን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ድምፅ ሲጠብቅ ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚስቱ «አየሽ? መጥራቱንም ተወ» አላት።

ጊዜውም ለእንዲህ ያለ ሐሳብ ማገዶ አላጣም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከሰሜን የመጡ ሹማምንትና መምህራን አንዳንዶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። የትናንሽ ልጆች ትምህርት በአገሩ ቋንቋ ይሁን ስለተባለ ኦይታ ከስልጠና ወደ ስልጠና ይመላለሳል። በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ አለ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወጣቶቹ በጋሞኛ ሲያወሩ ሸዋንዳኝ ከገባ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ይህን የሚያደርጉት ለክብሩ ነው፤ ድሮም ያደርጉት ነበር። አሁን ግን «እኔን እያሙ ስለነበር ነው» አለ በልቡ። ፍየል እየገባ ጎመኑን ስለጨረሰበት ኦይታ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ሲደፍን ሸዋንዳኝ ቆሞ አየው። ድሮ ልጆች የሚሾልኩበት ቀዳዳ ነበር። «ድንበር እየለየ ነው» አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ሸዋንዳኝም እባብ ያየው ሌላ ቦታ ነው።

ሸዋንዳኝና ሮማነወርቅ ደግነት የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በ1983 ግንቦት፣ መንግሥት በሚፈርስበት ሰሞን፣ ልጁን ወባ ጣለው። ስድስት ዓመቱ ነበር። አመሻሹ ላይ ትኩሳቱ ሲብስ ኦይታ በዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ መጣ፤ የልጁን ግንባር ነካና «አሁን እንውሰደው» አለ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ይሰማል፤ ሰዓት እላፊ ነው፤ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም። «ይንጋ» አለ ሸዋንዳኝ። ሲነጋ ኦይታ ልጁን አዝሎ ሮጠ፣ ሸዋንዳኝም ከኋላ ከኋላው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ኦይታ ቆመ። ልጁን ቀስ ብሎ አወረደው፣ ዞሮ ሸዋንዳኝን ዓይን ዓይኑን አየው፣ ምንም ሳይል አንገቱን ደፋ።

ሮማነወርቅ ስንት ጊዜ ነግራዋለች። «እኔም ይንጋ ብያለሁ። በዚያ ተኩስ ብትወጡ ሦስታችሁንም ነበር የማጣው።» ይሰማታል፤ እውነቷን እንደሆነም ያውቃል። ግን በጓሮ በጓሮ ተሸክሜው ብሄድስ ኖሮ? ተኩሱ እኮ ሩቅ ነበር። ኦይታ ካልፈራ እኔ ለምን ፈራሁ? ዓመታት ሲያረጁ እነዚህ ጥያቄዎች አላረጁም፤ ዝም የሚሉት ኦይታ ዳማ ላይ ሲስቅ ብቻ ነበር። ኦይታ የዚያን ምሽት ብቸኛው ምስክር ነዋ። እሱ አብሮት ከሳቀ አልፈረደበትም ማለት ነው። እንግዲህ በጥቅምቱ ጠዋት መንገድ ላይ ያ ዓይን ተመልሶ መጣ፤ አየው፣ ምንም አላለም፣ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሸዋንዳኝ ፍርዱ የወጣ መሰለው። ይህን ለሰው ቀርቶ ለራሱም በቃል አላወጣውም፤ ከዚያ ይልቅ ስለ አጥሩ፣ ስለ ዳማው፣ ስለ ግምገማው ያብሰለስላል።

የገና በዓል ሳያልፍ ኮቱ ሰፋው። ሮማነወርቅ የሚወደውን ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ሠርታ ብታቀርብለት የበቆሎ ድቡልቡሏን ወዲያና ወዲህ አንከባሎ ይተዋታል። ሆዱን አመመው፤ ጨጓራ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡት። ጸበል ተጠመቀ። እንቅልፍ ከቤቱ ከወጣ ቆይቷል። ቀን ቀን ደግሞ ሳይታሰብ ዕንባው ይመጣል፤ ተማሪዎቹ ሲያዩት «የጠመኔ ብናኝ ገብቶብኝ ነው» ይላል።

አንድ ቀን ስለ ሁለቱ ሐይቆች እያስተማረ ነበር፤ ጫሞ ለምን ጥርት ያለ እንደሆነ፣ ዓባያ ለምን ሁልጊዜ ቀይ እንደሆነ። «ዓባያ ውስጥ የገባው ጭቃ አይዘቅጥም» አላቸው። «ነፋሱ ከታች እያነሳ ያማስለዋል።» ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ታዲያ መቼ ነው የሚጠራው?» አለችው። ሸዋንዳኝ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ቀጥሎ ፈሩ። ደወሉ ሲደወል ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

«ከብት እንኳ ያመሰኳውን መጨረሻ ላይ ይውጠዋል» አለችው ሮማነወርቅ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። «አንተ አትውጠው፣ አትተፋው። ምን እንደሆነ ለእኔ እንኳ ንገረኝ።»

«ምንም የለም።»

«ኦይታ ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝም አልኩሽ እኮ!»

መንገደኛ ዞር ብሎ እስኪያያቸው ነበር የጮኸው። ሮማነወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ሸዋንዳኝ ይቅርታ ሊላት ፈለገ። ምን ብዬ ልጀምር ሲል ቤት ደረሱ፤ አሁን ብል ታለቅሳለች ሲል ምሳ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ያችን ጩኸት ብቻ ሲያላምጥ ሰነበተ። ይቅርታውን እስከ ዛሬ አላላትም።

በሰኔ ራት ላይ «ዝውውር ደርሶኛል» አለ። «ደብረ ብርሃን። እዚያ ያለ የዚህ አገር ልጅ በእኔ ቦታ ይመጣል፤ እኔ በእሱ።»

ሮማነወርቅ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። «ማን ጠየቀ?»

«እኔ።»

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«እዚህ አይፈልጉንም ሮማን። አንቺ አታዪም እንጂ…»

«ማነው የማይፈልገን? ስም ጥራ!»

ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። የመጣለት ስም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም መጥራት አልቻለም።

«እኔ አልሄድም» አለች ሮማነወርቅ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ደግነት እዚህ ነው ያረፈው። አንተ ከኦይታ ስትሸሽ እኔ ልጄን ጥዬ ልሂድ? ሂድ፣ ከሻለህ ደስ ይለኛል። ግን የሚያሳድድህ ሰው የለም፤ ይህን እያወቅህ ሂድ።»

በማግስቱ ሮማነወርቅ ወለቴ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። ወለቴ ለባሏ ነገረችው። ኦይታም የሳቁ መብዛት አያታልላችሁ፣ ነገር የሚገባው ሰው ነው፤ ሳይውል ሳያድር የአገሩን ሽማግሌ ለመነ።

እሑድ ጠዋት ሸዋንዳኝ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ሲከፍት ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ኦይታ ከጎናቸው ነው። ሁለቱም በሁለት እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል፤ ጠል ገና አልደረቀበትም። ሸዋንዳኝን ሲያዩ ሽማግሌው ጉልበታቸውን አጥፈው መሬት ላይ ተንበረከኩ፣ ኦይታም ተንበረከከ። ሸዋንዳኝ ይህን አገር ስለኖረበት የሳሩን ትርጉም ያውቃል። ጋሞ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያ ሰው ልመናው ሳይሰማ አይታለፍም፤ በትር ያነሳ እንኳ በትሩን ይጥላል። ሸዋንዳኝ ደነገጠና «ኧረ አባቴ፣ ይነሱ! በእግዜር ይነሱ!» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው።

ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ ሮማነወርቅ በሩ ላይ ቆመች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ኦይታ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት። ‹ወንድሜ ተቀይሞኝ አገር ሊለቅ ነው፤ ጥፋቴን አላውቅም› አለኝ። ጥፋቱን ንገረው። ቢሻህ ካሣ ይክፈል፣ ቢሻህ እግርህን ይሳም። ብቻ ተናገር።»

«ምንም የለም አባቴ። ዝውውር ነው።»

«ጋሼ» አለ ኦይታ። ያ ትልቅ ድምፁ አንሶ ነበር። «ያቺ ጥርስ ናት? ያቺ ቀን እኔ አሞኝ ነበር፣ ራሴ ዞሮብኝ ነበር። ማርያምን፣ አየሁህ፤ ግን አፌ ደም ነበር። ሌላ ያደረግኩት ነገር ካለ ንገረኝ። ከዐሥር ዓመት በላይ አብረን በልተናል።»

ሸዋንዳኝ ቀና ብሎ አየው። ኦይታ ከስቷል፤ ይህን እስከ ዛሬ ልብ አላለም። ያ የተቀበረ ነገር ከሆዱ ተነስቶ እስከ ጉሮሮው መጣ። ‹ያን ምሽት ይንጋ ስል ሰምተኸኛል። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ብለህ ታስባለህ?› ይኸው ነው፤ እንዲህ ቢል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሮማነወርቅ አይታ አንድ እርምጃ ቀረበች።

ሽማግሌው ሊያግዙት ፈለጉ። እንዲህ ባለ ቀን አባቶች የሚሉትን ነው ያሉት። «ተናገር ልጄ። ሆድ ውስጥ የታሰረ ነገር ለቤቱ አይበጅም። ከብት ያከሳል፣ ዝናብ ያስቀራል፣ ልጅ ያሳጣል።»

ልጅ ያሳጣል።

የሸዋንዳኝ አፍ ተከደነ። ለካ ነግሯቸዋል አለ በልቡ። ኦይታ ነግሯቸዋል፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሽማግሌው በአሽሙር እየነገሩኝ ነው። ሽማግሌው ደግነት የሚባል ልጅ መኖሩንም አያውቁም። ለማንም ቢሆን የሚሉትን ነው ያሉት። ይህን ግን ማን ይንገረው?

«በመካከላችን ምንም የለም» አለ ተነስቶ። «ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብርልኝ።»

ሽማግሌውም ተነሱ። ከዚያ ከያዙት ሳር ቆንጠር አድርገው በእጁ አስያዙት። «ምንም ከሌለ ደግ» አሉ። «ካለ ደግሞ ይህ ሳር ይዞህ ይመለስ።» ሸዋንዳኝ መጣሉ ነውር ሆነበት፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሮማነወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ «አሁንስ አመንክ?» አለችው። «ሰው የማይፈልገውን ሰው ሳር ይዞ ይለምናል?»

«ሳር የሚያዘው ጠብ ሲኖር ነው» አለ ሸዋንዳኝ። «ጠብ ከሌለ ምን አስያዛቸው?»

ሮማነወርቅ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችውም። ልብሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት።

የሚሄድበት ቀን በሐምሌ መጀመሪያ ደረሰ። ሮማነወርቅ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። «ብርድ ነው፤ ኮትህን አታውልቅ» አለችው። ሌላ ብዙ ነገር እንድትል ጠብቆ ነበር፤ እሷም ከእሱ ሳትጠብቅ አልቀረችም። በሩ ውጪ ኦይታ ቆሞ አገኘው። ማንም ሳይጠራው መጥቶ ሻንጣውን ተሸከመና ወደ መናኸሪያ ወረዱ።  ኦይታ ሻንጣውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጫነ፣ ገመዱ መጥበቁን ሁለት ጊዜ አየ፣ ከዚያ ሸዋንዳኝ ከተቀመጠበት መስኮት ሥር መጥቶ ቆመ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ኦይታ ያን ድሮ የሚያውቀውን ትልቅ ድምፁን አወጣ። «ደህና ግባ ጋሼ! እትዬ ሮማን ለእኛ ተዋት፣ እንጠብቃታለን! ቶሎ ተመለስ!»

ሸዋንዳኝ አየው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቃል ሊያወጣ ሞከረ፣ አልወጣም። አንገቱን ደፋ። አውቶቡሱ ታጥፎ ሲወጣ ኦይታ እጁን እንዳነሳ ነበር።

ምዕራብ ዓባያ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ብሎ አቆመ። ሙዝ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ሸዋንዳኝ ሳንቲም ፍለጋ እጁን ኪሱ ሲከት ጣቱ ደረቅ ነገር ነካ፤ አወጣው። ሳሩ ነበር፤ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ቆየ። ሙዝ ሻጯ «ጌታዬ፣ አትገዛም?» ብላ ብትጠይቀውም አልመለሰላትም።

ኦይታ ይህን ጊዜ ምን እያሰበ ይሆን አለ። ሰላምታዬን ሳይመልስ ሄደ እያለ ይሆን? ምን አድርጌው ነው እያለ? እኔ እኮ ጉሮሮዬ በዕንባ ታንቆ ነው፤ አፌን ብከፍት ሰው ፊት እንደ ሕፃን ላለቅስ ነበር። እጅህንስ ቢለኝ? እጄም እምቢ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ አልነሳ አለኝ። እዚህ ላይ ሐሳቡ ቆመ። ከጥቅምት ጀምሮ ቆሞ የማያውቀው ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ያን ጠዋት የኦይታ አፍ ጥጥ ነበረበት። እሺ። ከዚያ በፊትስ? በዚያ ግንቦት ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ልጁን ከጀርባው ሲያወርድ፣ ዞሮ አይቶት ዝም ሲል፣ የኦይታ ጉሮሮስ ምን ነበረበት?

አራት ዓመት ሙሉ ፍርድ ነው ያለው ነገር ልቅሶ ነበር። ኦይታ ልጁን ወድዶት ነበር። ሸዋንዳኝ ይህን ሲያስብ ደረቱ ውስጥ የታሰረ ነገር የተፈታ መሰለው፤ አየር ገባለት። ሳሩን በመዳፉ ጨበጠ።

ከመንገዱ ማዶ ከሶዶ የመጣ አውቶቡስ ቆሟል፤ አፍንጫው ሸዋንዳኝ ወደመጣበት ዞሯል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አርባ ምንጭ! አርባ ምንጭ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አንድ ወንበር ነው የቀረው። ሻንጣውን ማስወረድ፣ መንገዱን መሻገር፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ለምሳ ቤቱ ነው። ሮማነወርቅ በሩን ስትከፍት ታየው። ሸዋንዳኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ የፊት ለፊቱን ወንበር ያዘ።

ብመለስስ ምን ይሉኛል? አለ።

ሽማግሌ ተንበርክኮ ሲለምነው እምቢ ያለ ሰው፣ ምዕራብ ዓባያ ሙዝ በልቶ ተመለሰ አይሉም? በእኔ ቦታ የተመደበው መምህርስ? ሮማን ደስ ይላታል፤ ግን ደስ ይላታል? እስካሁን ትንሽ አርፋ ቢሆንስ? ኦይታ ይስቃል። ያን ሳቁን ይስቃል። ከልቡ ይሆን የሚስቀው? ወይስ…

ረዳቱ የማዶውን አውቶቡስ በር መታ፤ አቧራ አስነስቶ ሄደ። የእነሱም ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ልንነሳ ነው» አለችው ከኋላ የተቀመጠች ሴት። ሸዋንዳኝ ተቀመጠ። ሳሩን መልሶ ኪሱ ከተተው። ሶዶ ሲገቡ፣ ቢመለስ ኖሮ የኦይታ ሳቅ ምን ዓይነት ይሆን እንደነበር ገና እያሰበ ነበር።